ዐፄ ሱስንዮስ ለምን ካቶሊክ ሆኑ? ለምንስ አልጸናላቸውም?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ትምህርት ቤት የተማረው፣ ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) የተባሉ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ዐፄ ሱስንዮስን አታለው ካቶሊክ እንዳደረጓቸው፣ ሕዝቡ እንዳመፀ፣ ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ሃይማኖቱን መልሰው አገሪቱን ለውጭ ሰው እንደ ዘጉና ጎንደርን እንደ ቆረቆሩ ነው። አሁን ደግሞ በዚያው ዘመን አውሮፓም በሃይማኖት ጦርነት ትታመስ እንደ ነበር አንብቦ ሁለቱ ይገናኙ እንደሆነ ይጠይቃል። ንጉሡ በእውነት ተታለው ነው ወይ? የጎንደርን ግንቦችስ የሠሯቸው ፖርቱጋሎች ናቸው ወይ?

ከንጉሡ ልጀምር። ሱስንዮስ በቀላሉ የሚታለሉ ሰው አልነበሩም። በልጅነታቸው በኦሮሞ ጦር ተማርከው ከማረኳቸው ሰዎች ጋር ያደጉ፣ የጦር ስልታቸውንም የተማሩ፣ ከዚያ ለዓመታት ሸፍተው ኖረው በ1607 ጎል በተባለ ቦታ ዐፄ ያዕቆብን ድል ነሥተው ዙፋኑን የያዙ ናቸው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በዚያ ጦርነት ከያዕቆብ ጋር ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስም ሞቱ። ጳጳስ በጦር ሜዳ ምን ያደርጋል ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ካለ፣ የነገሩ ቁልፍ እዚያ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እኚሁ አቡን ዐፄ ዘድንግልን አውግዘው ሕዝቡንና ወታደሩን ለንጉሡ ከገባው መሐላ ፈትተውት ነበር፤ ዘድንግልም ወዲያው በተነሣባቸው ጦር ተገደሉ። ጥፋታቸው ከፈረንጅ ካህን ጋር መወዳጀታቸውና የቅዳሜን ሰንበትነት መሻራቸው ነበር። ሱስንዮስ ይህን ሁሉ አይተዋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት፣ ብልህ የጦር ሰው ከእርሱ በፊት የነበረው ንጉሥ የጠፋበትን መንገድ ዐውቆ ለምን መረጠው የሚለው ነው።

መልሱን ለማግኘት ሰማንያ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር የዐፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት ከሰበረ በኋላ፣ ለዐሥራ አራት ዓመት ያህል የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከስሙ በቀር የቀረው ጥቂት ነበር። ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሹ በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ ሞቱ። በ1541 በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ፖርቱጋላውያን ነፍጠኞች በምጽዋ ገቡ፤ አዛዣቸው በማግሥቱ ዓመት ተማርኮ ተገደለ፤ የቀሩት ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በ1543 ወይና ደጋ ላይ ኢማሙን ገደሉ። ጦርነቱ አለቀ፤ መንግሥቱ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። በደቡብ በኩል የኦሮሞ መስፋፋት በየገዳው ዙር እየገፋ መጣ። በ1557 ኦቶማን ቱርክ ምጽዋን ያዘ። ነገሥታቱ ሸዋን ትተው መቀመጫቸውን ወደ ጣና ዙሪያ አዞሩ። በየአውራጃው ያሉት መኳንንት የራሳቸው ጦር ነበራቸው፤ ንጉሡ በየዓመቱ እየዘመተ ግብር ካላስገባ ንጉሥነቱ የአፍ ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል በቤተ መንግሥት የቀረው ትዝታ፣ 400 ነፍጠኛ የአንድ አገር ዕጣ መለወጥ እንደሚችል ነው። ሱስንዮስ በነገሡ ጊዜ ለሮማው ፓፓና ለስፔን ንጉሥ የጻፉት ደብዳቤ ወታደር የሚጠይቅ መሆኑ አያስገርምም። ያን ጊዜ ፖርቱጋል በስፔን ዘውድ ሥር ነበረች።

የአውሮፓው ነገር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው፤ ግንኙነቱም የአጋጣሚ አይደለም። የኢየሱሳውያኑ ድርጅት፣ የኢየሱስ ማኅበር፣ የተመሠረተው በ1540፣ የሉተር ተሐድሶ ምዕራቡን ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ከከፈለ በኋላ ነው። በ1555 አውግስቡርግ ላይ የጀርመን መሳፍንት እያንዳንዱ ገዥ የግዛቱን ሃይማኖት እንዲወስን ተስማሙ። ንጉሥን መመለስ አገርን መመለስ ነው የሚለው ስሌት ያን ጊዜ ለሚሲዮናውያን እንደ ሂሳብ ቀመር ሆኖ ነበር። በዚያው በ1555 ደግሞ በዚህ በኩል ዐፄ ገላውዴዎስ የእምነት መግለጫቸውን ጻፉ። ቅዳሜን እናከብራለን፣ ነገር ግን እንደ አይሁድ አይደለም፤ ግዝረታችን የአገር ልማድ ነው፤ እሪያ አለመብላታችንም የሕግ ግዴታ አይደለም አሉ። ነፍጠኞቻችሁን እናመሰግናለን፣ ሃይማኖታችሁን ግን አንቀበልም ማለታቸው ነበር። በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ እምቢታ ነው፤ ከዚያ ዘመን ጽሑፎች ሁሉ እኔ የምወደው ይህንኑ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ኢየሱሳዊ ጳጳስ አንድሬስ ደ ኦቪዬዶ ግን ጨዋነቱን እንደ ድካም ቆጠረው፤ በዐፄ ሚናስ ዘመን ወደ ፍሬሞና፣ ዓድዋ አጠገብ፣ ተገፍቶ በ1577 እዚያው ሞተ።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። በመጀመሪያው ሙከራው በ1589 በዓረቦች ተይዞ ሰባት ዓመት ያህል በየመን ታሰረ፤ በ1603 ምጽዋ የደረሰው ዓረብኛ ተምሮ ነው። ግእዝና አማርኛ ተማረ፤ ለነገሥታቱ ግንብ ሠራ፤ በ1618 ከሱስንዮስ ጋር ሰከላ ድረስ ወጥቶ የግዮንን ምንጭ አየ። ችኩል አልነበረም። በፓኤዝ ዘመን ካቶሊክ መሆን ማለት በቤተ መንግሥት ክርክር መርታት፣ ክርስቶስ አምላክነትና ሰውነት የተባሉ ሁለት ባሕርያት አሉት ብሎ መመስከር ነበር። የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ቀድመው ተቀበሉ፤ ጎጃምን የሚገዙ፣ ጎበዝ የጦር መሪ፣ በእምነታቸውም ከንጉሡ የጠነከሩ ነበሩ። ለሱስንዮስ የቀረበው ነገር ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ከእስክንድርያ የሚመጣ፣ ቋንቋ የማያውቅ፣ ግን አንድ ቃል ተናግሮ ዙፋን የሚገለብጥ አቡን ፈንታ፣ ንጉሡ ራሱ ያስመጣው፣ ንጉሡን የሚያጠናክር ፓትርያርክ፤ ከዚያም ጋር ወታደር። በዚያ ዘመን በማድሪድም በፓሪስም የሚገዙ ነገሥታት የሚፈልጉትን ነው የፈለጉት፦ አንድ ዘውድ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ የተገራ መኳንንት። በልባቸው አላመኑም እያልኩ አይደለም። የወታደሩ ተስፋ ከጠፋ በኋላም ብዙ ዓመት ጸንተዋል፤ ለጥቅም ብቻ የገባ ሰው ቀደም ብሎ ይወጣ ነበር።

ወታደሩ አልመጣም። ሊመጣም አይችልም ነበር፤ የፖርቱጋል ኃይል በህንድ ውቅያኖስ ላይ በሆላንዶችና በእንግሊዞች እየተበላ፣ በ1622 ሆርሙዝንም ያጣበት ጊዜ ነው። ሱስንዮስ ዋጋውን ከፍለው ዕቃውን አልተረከቡም።

ዋጋው ደግሞ ከጠበቁት በላይ ሆነ። የሁለት ባሕርይ ትምህርት ሲታወጅ አቡነ ስምዖን አወገዙ፤ በ1617 የንጉሡ አማች ዩልዮስ ከአቡኑ ጋር ተነሣ፤ ሁለቱም ተገደሉ። ጳጳስ ሲገደል ሁለተኛው ነው። ከዚያ የቅዳሜ ሰንበት ተሻረ፤ ገበሬው በቅዳሜ እንዲያርስ ታዘዘ፤ በጌምድርና ዳሞት ተነሡ። ብዙ ሰው ለምን በቅዳሜ ይህን ያህል እንደ ተሞተ አይገባውም። ሰንበት የካህናት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያኗን ለሁለት ከፍሏት የነበረ፣ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ለመቶ ዓመት የተሰደዱበት፣ በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በስንት ድካም የተዘጋ ጉዳይ ነው። ዘውዱና ገዳማቱ የታረቁበት ውል ነበር። እሱን የሚነካ ንጉሥ የራሱን ቤት ምሰሶ እየነቀለ ነው።

ሆኖም በፓኤዝ ዘመን መሬቱ ላይ የደረሰው ለውጥ ገና ትንሽ ነበር። ሱስንዮስ በ1622 በይፋ ካቶሊክ ሆኑ፤ ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ። በ1625 በአፋር ጠረፍ በቤይሉል በኩል ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ገባ። በ1626 የካቲት ወር ደንቀዝ ላይ ንጉሡ፣ መኳንንቱና ካህናቱ ለሮም መታዘዛቸውን ማሉ። በዚያው ሥነ ሥርዓት ላይ ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ለአልጋ ወራሹ ለፋሲል ሲምሉ፣ የካቶሊክን ሃይማኖት እስከ ጠበቀ ድረስ፣ ካልጠበቀ ግን ቀዳሚ ጠላቱ እኔ ነኝ ብለው ጨመሩ። ፋሲል ይህን ሰምተው ዝም አሉ። ይህች መሐላ በኋላ ሥዕለ ክርስቶስን ሕይወታቸውን አስከፍላቸዋለች።

ሜንዴስ ያደረገው ሁሉ በእርሱ ዓይን ትክክልና ሕጋዊ ነበር፤ ችግሩ ያ ነው። ካህናቱ እንደገና ክህነት ይቀበሉ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ፣ ጾሙና በዓሉ በአዲሱ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ይሁን፣ ግዝረት ይቅር፣ ቅዳሴው እንደ ሮም ይስተካከል። አንድ የላስታ ገበሬ ስለ ሁለት ባሕርይ የሚያውቀው ላይኖር ይችላል። እንደገና ተጠመቅ ሲባል ግን ምን እንደ ተባለ በደንብ ያውቃል፦ አባትህ ክርስቲያን አልነበረም፣ ልጅህን ያጠመቀው ቄስ ቄስ አይደለም፣ እናትህን የፈታት ጸሎት ከንቱ ነው። ቄሱ ደግሞ የሚተዳደረው በክህነቱ በያዘው መሬት ነው፤ ክህነቱ ሲጠየቅ መሬቱም ይጠየቃል። ፋሲካው ሲዛወር ደግሞ የጾሙ፣ የሠርጉ፣ የገበያው ቀን ሁሉ ይናጋል። የእምነት ክርክር በአንድ ጊዜ ወደ ማጀትና ወደ ማሳ ወረደ።

የሚያስቆጨው፣ ይህ እንዳይሆን ገና ከመጀመሪያው የመከረ ሰው መኖሩ ነው፤ ያውም የማኅበሩ መሥራች ራሱ። ኢግናጥዮስ ደ ሎዮላ በ1555 ለኢትዮጵያ ለተሾመው ፓትርያርክ በጻፈው መመሪያ፣ ልማዳቸውን በለዘብታ፣ ቀስ በቀስ እንጂ በኃይል አትንካ ብሎት ነበር። ያ ፓትርያርክ ኢትዮጵያን ሳያይ ሞተ፤ ምክሩም አብሮት የሞተ ይመስላል። ምክንያቱ የሜንዴስ ጠባይ ብቻ አይደለም። ለሉተር ተሐድሶ መልስ ከሰጠው ከትሬንት ጉባኤ በኋላ የሮም ቤተ ክርስቲያን ሥርዓትን ወጥ ማድረግ የሕልውና ጉዳይ አድርጋው ነበር። ለማነጻጸር ህንድን እዩ፦ በ1599 የጎዋው ሊቀ ጳጳስ በማላባር የቶማስ ክርስቲያኖችን በዲያምፐር ሲኖዶስ ሰብስቦ የሶርያ ሥርዓታቸውን እንዲያርሙ፣ መጻሕፍታቸውን እንዲያስረክቡ አስገደዳቸው፤ በ1653 ሕዝቡ መስቀል ላይ የታሰረ ገመድ ይዞ ለኢየሱሳውያን አንታዘዝም ብሎ ማለ። ከጎዋ የተላከ አንድ ዓይነት መድኃኒት ለሁለት አገር ተሰጥቶ ሁለቱም ተፉት።

ተቃውሞውን የመሩት መኳንንትና መነኮሳት ብቻ አልነበሩም። የቤተ መንግሥት ሴቶች፣ እቴጌይቱን ጨምሮ፣ አብዛኞቹ አልተቀበሉም። ከሁሉ የምትታወቀው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የሱስንዮስ ባለሟል ነበር፤ አቡነ ስምዖን በተገደሉበት ዘመቻ ስለ ተካፈለ ትታው መነነች። በንጉሡ ፊት ቀርባ እምቢ አለች፤ ወደ ምዕራብ ቆላ ተጋዘች፤ በተሰደደችበት ሁሉ ሰው እየተከተላት ማኅበር መሠረተች። በ1642 አረፈች፤ ገድሏ በ1672 ተጻፈ። የሱስንዮስን ዘመን ከቤተ መንግሥት ዜና መዋዕልና ከኢየሱሳውያን ደብዳቤ ብቻ ለሚያነብ ሰው ያ ገድል ሌላ መስኮት ይከፍታል፤ በሴቶች ቤትና በገዳም በር ላይ የተደረገውን የሚናገረው እሱ ነው።

ንጉሡን የጣላቸው ግን ላስታ ነው። ከ1629 ጀምሮ ሌላ መልክአ ክርስቶስ፣ ከንጉሣዊ ዘር ነኝ የሚል፣ የላስታን ገበሬ ይዞ ተነሣ። (ሁለቱን ስመ ሞክሼዎች አታምታቱ፤ አንዱ የንጉሡ ባለሟል፣ ሌላው ጠላታቸው ነው።) በሰኔ 1632 ሱስንዮስ ድል አደረጉ፤ ወደ 8,000 ሰው ወደቀ ይባላል። ፋሲል አባታቸውን በሬሳው መካከል አሳልፈው፣ እነዚህ አረመኔም እስላምም አይደሉም፣ የገዛ ወገኖቻችን ክርስቲያኖች ናቸው፤ ይህ ድል አይደለም አሏቸው እየተባለ ይተረካል። ንግግሩ ቃል በቃል ይህ ይሁን አይሁን አልሟገትም፤ አዋጁ ግን በዚያው ወር ወጣ። ሱስንዮስ ይህን ሃይማኖት መልካም ነው ብለን ሰጥተናችሁ ነበር፤ በእርሱ ምክንያት ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው አለቀ፤ እንግዲህ የአባቶቻችሁን ሃይማኖት መልሰንላችኋል አሉ። ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ የሚለው እስከ ዛሬ በአፍ የቀረው ቃል የዚያ ሰሞን ነው። ሱስንዮስ ራሳቸው ከካቶሊክነታቸው አልወጡም፤ በመስከረም ሞቱ፤ አዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ።

ፋሲል አገሪቱን ዘጉ የሚለውን አልቀበለውም። በአንድ አቅጣጫ የነበረውን በር ዘግተው ሌላ ከፈቱ ብል ይቀለኛል። ኢየሱሳውያኑን መጀመሪያ ወደ ፍሬሞና፣ በ1634 ከአገር አስወጡ፤ ተደብቀው የቀሩት ተገደሉ፤ የካቶሊክ ካህን በባሕር ከመጣ እንዲያስቀሩላቸው ከምጽዋና ከሱዋኪን የቱርክ ፓሻዎች ጋር ተስማሙ። በ1648 ሱዋኪን ላይ ካፑቺን የተባሉ ሦስት የካቶሊክ መነኮሳት የተገደሉት በዚሁ ስምምነት ነው። ግን በዚያው ዘመን ፒተር ሃይሊንግ የሚባል ጀርመናዊ ሉተራዊ ከአዲሱ አቡን ጋር ገብቶ በቤተ መንግሥት ተከብሮ ኖሯል። ፋሲል ለየመኑ ኢማም ጽፈው መልእክተኛው ሐሰን አል-ሐይሚ ጎንደር ድረስ መጥቷል፤ እርሱ ንጉሡ ሊሰልሙ ነው ብሎ በተስፋ ሲመጣ ንጉሡ የፈለጉት ቱርክ የማይቆጣጠረውን የቤይሉል መንገድ መክፈት ነበር። ኾጃ ሙራድ የተባለው አርመናዊ ነጋዴም ለጎንደር ነገሥታት እየተላከ ወደ ህንድ የሙጋል መንግሥት፣ በኋላም እስከ ሆላንዶች ባታቪያ ተጉዟል። በ1699 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ታላቁ ኢያሱን ሊያክም ጎንደር ገብቷል። ይህ የተዘጋ አገር አይመስልም።

ከኢየሱሳውያን ጋር ያልወጣው ነገር ክርክራቸው ነው። ክርስቶስ በተዋሕዶ አንድ ባሕርይ ከሆነ፣ እግዚአብሔር በመንፈስ ቅዱስ ቀባው የሚለው ቃል ምን ማለት ነው ብለው ሲጠይቁ፣ ሊቃውንቱ በአንድነት መለሱላቸው፤ ፈረንጆቹ ከወጡ በኋላ ግን የሰጡት መልስ አንድ እንዳልነበረ ታወቀ። በጎጃም የጸናው ወገን (ቅብዐት) በመቀባት የባሕርይ ልጅ ሆነ አለ፤ ሌላው በመዋሐድ አለ፤ ቆይቶም በደብረ ሊባኖስና በሸዋ የሦስት ልደት (የጸጋ) ትምህርት ተስፋፋ። ዐፄ ዮሐንስ 1ኛና ልጃቸው ኢያሱ ጉባኤ ሰበሰቡ፣ አከራከሩ፣ አወገዙ፤ አላለቀም። የዘመነ መሳፍንት መኳንንት በቅብዐትና በጸጋ እየተቧደኑ ተዋጉበት። እልባት የተሰጠው በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ፣ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ ነው። ሜንዴስ ከሄደ 244 ዓመት መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ስለሚቀርብ። ሚሲዮናውያኑ ሕዝቡን ለመድረስ ትምህርታቸውን በአማርኛ ጻፉ፤ የተዋሕዶ ሊቃውንትም በአማርኛ መለሱ። እስከዚያ ድረስ የቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ግእዝ ነበረ። ከሜንዴስ ጋር አብረው የተሰደዱት ካቶሊኩ አባ ጎርጎርዮስ በ1649 ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በኋላም እስከ ጎታ ሄደው አስተማሩት፤ ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከዚያ የመጣ ነው።

ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ አይደለም ነው። ኢየሱሳውያኑ የወጡት በ1634፣ ጎንደር የተቆረቆረችው በ1636 ነው። ለዐፄ ሠርፀ ድንግል የሚሰጠው የጉዛራ ግንብ ደግሞ ከእነ ፓኤዝ ይቀድማል። ኖራ አቃጥሎ በጭቃ ፈንታ መገንባት በሱስንዮስ ዘመን፣ ከህንድ በመጡ ግንበኞች እጅ ተለምዷል፤ ጎርጎራና ደንቀዝ ያሉት ፍርስራሾች የዚያ ሥራ ናቸው። ሙያው በአገሩ ሰው እጅ ቀርቶ ፋሲል ተጠቀሙበት። አል-ሐይሚም በ1648 ቤተ መንግሥቱን አይቶ ሠሪው ህንዳዊ መሆኑን ጽፏል።